ቤት ውስጥ የሚያስለው ማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ልጆች ሳል ሁለት አንቀጽ ብጽፍ ደብዳቤ በደብዳቤ ሆንኩ። አብዛኞቹ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የመጡ ናቸው። ግማሾቹ በእጅ የተጻፉ፣ ግማሾቹ በቴሌግራም የተላኩ። ሁሉንም ደርድሬ ሳነባቸው አንድ ነገር ታየኝ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ልጁ ነው። የልጁ ሳል፣ የልጁ ኪሎ፣ የልጁ አንገት። ከልጁ ጎን ስለሚተኛው ትልቅ ሰው የጻፈልኝ ግን ከስንት አንድ ነው፤ እሱም በቅንፍ። ነገሩ የልጆች ቲቢ ነው፤ ዛሬ ያቺን ቅንፍ ልፈታት ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ነርስ ነኝ። ሐይቁ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጅሽን ሳላየው በደብዳቤ መድኃኒት አላዝም። የት ሄደሽ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ግን መናገር እችላለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ልጇ 3 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኪሎው ግን 10 አይሞላም። ካሳለው ሁለት ወር አልፎታል። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ማየት አይፈልግም። ሁለቴ ሽሮፕ ተሰጠው፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ቲቢ ይሆናል ብለው አክታ አምጪ አሏት። የሦስት ዓመት ልጅ አክታ መትፋት የት ያውቃል? ሲቀር ሲቀር ቲቢ የለበትም ተብላ ተመለሰች። (የባሏ አባትም ክረምቱን ሙሉ ሲያስሉ ነበር፣ እሳቸው የድሮ ብርዴ ነው ይላሉ። ልጁ ከሳቸው ሥር አይጠፋም፣ አብሯቸው ነው የሚተኛው።) ምን ብታደርግ ይሻላል? — የልጁ አክስት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህት ዓለም፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ቅንፍ ውስጥ ደበቅሽው እንጂ።

ሕፃን ልጅ ቲቢን ከሜዳ አያመጣውም። ብርድም አያመጣው፣ ምችም አያመጣው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኘው ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፤ ያ ባክቴሪያ ደግሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሳንባው ከታመመ ትልቅ ሰው ትንፋሽ ነው። ሰውየው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲስቅ አየር ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋስ ይበትነዋል፣ ፀሐይም ይገድለዋል። ሌሊትስ? እስቲ ቤቱን አስቢው። አንድ በር። መስኮቱ በጆንያ ተወትፏል። ምድጃው እዚያው፣ ጥጃዋ እዚያው። መደቡ ላይ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው። አያት ሌሊቱን ሙሉ ያስላሉ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ አየር ይስባል። አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ።

አሁን ወደ አክታው። ትንሽ ልጅ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ቢተፋም እንኳ ልጆች ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከትልቅ ሰው በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ «አክታ የለም፣ ቲቢ የለም» የሚባለው ነገር ለልጅ አይሠራም። በፍጹም። የሚዋጠው አክታ የት ይሄዳል? ሆድ ውስጥ። እናም ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ በአፍንጫው በቀጭን ቱቦ ከጨጓራው ፈሳሽ ይወሰዳል። ይህ ለልጁም ለእናቱም ያስጨንቃል፣ አልዋሽሽም። ደስ የሚለው፣ አሁን አሁን ሰገራውን ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን መመርመር ይቻላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው አሠራር ነው። ማሽኑ ናሙናው ከገባለት በሁለት ሰዓት አካባቢ ውጤት ይሰጣል። ጤና ጣቢያው ማሽኑ ከሌለው ናሙናው ወዳለበት ይላካል፣ ወይም ሪፈር ይጻፋል። እህትሽ «የሰገራ ምርመራ በጂን ኤክስፐርት ይቻላል ወይ?» ብላ በአፏ ትጠይቅ። አትፈር።

ማሽኑም ቲቢ የለበትም ቢል ነገሩ አላለቀም። ልጅ ላይ ማሽኑም ይስታል። ሐኪሙ ምልክቱን፣ የኪሎውን መውረድ፣ ራጁን፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው መኖሩን አንድ ላይ አይቶ ሕክምና ማስጀመር ይችላል፤ የሕክምናው መመሪያም ይህንን ይፈቅዳል። ያ ሁሉ እንዲሆን ግን ሐኪሙ ስለ አያትየው ማወቅ አለበት። እህትሽ ካልነገረችው ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። አንዲት ልጅ አለች፣ ፊቷ ከዓይኔ አይጠፋም። ከደቅ ደሴት በጀልባ ነው የመጣችው፣ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ካርዱ ላይ ኪሎዋ ተጽፏል። ሐምሌ ላይ 9 ኪሎ። መስከረም ላይም 9። ኅዳር ላይ 8 ከ700። እኔ ሳሉን ሰማሁ እንጂ ቁጥሩን አላየሁትም። ሽሮፕ ጻፍኩላት። ተመልሳ መጣች፣ ሌላ ሽሮፕ ጻፍኩላት። ሦስተኛ ስትመጣ ሌሎቹ ልጆች ግቢ ውስጥ በጠርሙስ ክዳን ሲጫወቱ እሷ የእናቷ ጉልበት ላይ ተለጥፋ ታያቸዋለች። የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያዋን ይዛ ቆም አለችና «ሲስተር፣ ይቺ ልጅ ጨዋታ ጠፍቷታል» አለችኝ። በቃ ያኔ ነው የነቃሁት። ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እናቷ «አባቷ ያስላል፤ እሱ ግን ትልቅ ሰው ነው» አለችኝ። ልጅቷ ታክማ ዳነች፣ አባትየውም ታከመ። የሁለቱ ሽሮፕ ጊዜ ግን የኔ ዕዳ ነው።

ስለዚህ እህትሽ ከሳሉ ሌላ ይህንንም ትይ። ልጁ ኪሎ መጨመር አቁሟል? መጫወት ትቷል? ለከሳ ልጅ የሚሰጠውን የለውዝ ምግብ፣ ፕላምፒ ነትን፣ እየበላ እንኳ አልወፈረም? እዚህ አገር ፕላምፒ ነት ሳይሠራ ሲቀር «ወንድሞቹ በሉበት» ይባላል። ሊሆን ይችላል፣ ራበኝ የሚል ወንድም ካለ ምን ይደረግ። ግን በሥነ ሥርዓት እየበላ ያልወፈረ ልጅ ለቲቢም ለኤችአይቪም መታየት አለበት። ደግሞ ልጁ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ካስመለሰው ወይም ካንቀጠቀጠው ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ቲቢ ወደ አንጎል ሽፋን ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፤ የሚብሰውም ትንንሾቹ ላይ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር፣ አያትየው። በጭራሽ «ልጁን ያስያዙት እርስዎ ነዎት» እንዳትሏቸው። አንድ ሽማግሌ ይህን ከሰሙ ወይ ይቆጣሉ ወይ ይሰበራሉ፤ ሁለቱም ጤና ጣቢያ አያደርሳቸውም። ነገሩን በልጁ በኩል አምጡት። «አባባ፣ ልጁ ሲታከም ቤተሰቡም በሙሉ መታየት አለበት» በሏቸው። ውሸትም አይደለም፣ መሆን ያለበት እንደዚያ ነው። ልጁንና አያቱን በአንድ ቀን ውሰዷቸው። እሳቸው አክታ ይሰጣሉ። ከተገኘባቸው ሕክምናውን በትክክል ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፋቸው ነገር በጣም ይቀንሳል። እስከዚያው ልጁ እናቱ ጋ ይተኛ፣ ያ ጆንያም ከመስኮቱ ይነሳ።

የልጁ መድኃኒት እንደ ድሮው የትልቅ ሰው ክኒን እየተሰበረ የሚሰጥ አይደለም። ለልጅ ተብሎ የተሠራ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን አለ። ሲኒ ውስጥ ትንሽ ንጹሕ ውሃ፣ ክኒኑ ጠብ፣ ሟሟ፣ ወዲያው ይጠጣል። ብዛቱ በኪሎ ነው፦ ከ8 እስከ 11 ኪሎ 2 ፍሬ፣ ከ12 እስከ 15 ኪሎ 3 ፍሬ በቀን። ልጁ ሲወፍር ክኒኑም ይጨምራል፤ በየወሩ ሚዛን ላይ የሚወጣው ለዚህም ነው። መድኃኒቱ በነጻ ነው። ጀልባውና ባጃጁ ግን ነጻ አይደሉም፣ የሽንኩርት ነቀላም አይጠብቅም። ስለዚህ ሕክምናውን ካስጀመሩት በኋላ መድኃኒቱን በቅርብ ያለው ጤና ኬላ እንዲሰጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ እንድትከታተል ጠይቁ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለም ንገሯቸው፤ ተጨማሪ ክኒን ቤት ቢቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቁንዝላ አካባቢ አስተምራለሁ። የጎረቤቴ ሚስት ቲቢ ተገኝቶባት መድኃኒት ጀምራለች። ጤና ጣቢያው የ2 ዓመት ልጃቸውንም መርምሮ ምንም የለበትም አለ፤ ግን መድኃኒት ይውሰድ ብሎ ሰጠ። አባትየው «ላልታመመ ልጅ መድኃኒት? ደግሞ ክትባቱን ወስዷል፣ ጠባሳው ክንዱ ላይ አለ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እኔም የምመልስለት አጣሁ። — መምህሩ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህን የገብስ ጎተራውን አስታውሰው። ነቀዝ የገባበት ጆንያ ከጎኑ ካለ ደህና የሚመስለውን ጆንያም ያየዋል፣ ያናፍሰዋል አይደል? ነቀዙ እስኪታይ አይጠብቅም።

ቲቢ ገብቶ ሊተኛ ይችላል። ትልቅ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደተኛ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ትንሽ ልጅ ላይ ግን ቶሎ ይነሳል፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ። የቲቢ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተሰበሰቡ መረጃዎች እንደሚያሳዩት፣ ባክቴሪያው ከገባባቸው ከ1 ዓመት በታች ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ይታመሙ ነበር። ግማሽ! ስለዚህ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከታማሚ ጋር አንድ ቤት ከኖረ፣ መጀመሪያ አለመታመሙ ይረጋገጣል፣ ከዚያ መከላከያው ይሰጠዋል። እንደ ዕድሜውና እንደሚገኘው መድኃኒት የ3 ወር አለ፣ የ6 ወርም አለ። ጤና ጣቢያው ያደረገው ትክክል ነው። እንዲያውም ጎሽ የሚያሰኝ ነው፤ ብዙ ቦታ እናትየው መድኃኒቷን ተቀብላ ስትሄድ ቤት ስላሉት ልጆች የሚጠይቃት የለም።

ስለ ጠባሳው፦ ያ ጠባሳ የቲቢ ክትባት፣ የቢሲጂ ነው። ቢሲጂ ጥሩ ክትባት ነው፣ ልጅ ሲወለድ ይሰጥ፣ ማንም አያስቀረው። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ያው አንዱ ክትባት ነው። ዋና ሥራው ግን ሕፃኑን ከአንጎል ሽፋን ቲቢና ሰውነት ውስጥ ከሚበተነው ክፉ ዓይነት መጠበቅ ነው። የሳንባውን ያን ያህል አያስቆምም። ጠባሳው በር ነው፤ ግን ቁልፍ የሌለው በር። አባትየው ይህን ከሰማም በኋላ ካንገራገረ ሚስቱ ትንገረው። እሷ የምትውጠውን ክኒን ብዛት ያየ አባት ልጁ እዚያ እንዳይደርስ የማይፈልግ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከሐሙሲት ነው የምጽፍልሽ ልጄ። የ6 ዓመት የልጅ ልጄ አንገቷ ላይ እንደ ባቄላ ያለ እባጭ ወጣባት፤ አሁን ሦስት ሆኗል። አያማትም። አንዱ ፈንድቶ ይመግላል። ሁለት ሱባዔ ጸበል አስጠምቄያታለሁ። ሐኪም ቤት ነቀርሳ ነው አሉና ቤቱ ሁሉ ካንሰር ነው ብሎ ተላቀሰ። የሚያውቅ ሰው ይብጣት የሚሉም አሉ። — አያቷ

መልስ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ልቅሶው ይቁም። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ብዙ ቤት አስለቅሷል፤ ለካንሰርም እሱኑ እንላለን፣ ለቲቢም እሱኑ። ሐኪሙን መልሰው «የትኛው ነቀርሳ?» ብለው ይጠይቁት። እርስዎ እንደጻፉልኝ ከሆነ፣ ማለትም የማያም፣ ቀስ ብሎ የሚያብጥ፣ ከአንድ ወደ ሦስት የሚሄድ፣ ኋላም የሚፈነዳ ከሆነ፣ የአንገት ንፍፊት ቲቢ ይመስላል። እሱ በአገራችን ብዙ ነው፣ ይድናልም። በቀጭን መርፌ ከእባጩ ተወስዶ ይመረመራል። ሳንባዋ ደህና ከሆነ እባጩ ብቻውን ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም፤ ከእኩዮቿ አይለዩዋት። እባክዎ ግን አይበጣ፣ አይተኮስም። የተበጣ የአንገት እባጭ አልድን ብሎ ወራት ሲመግል አይቻለሁ።

ጸበሉን ተው አልልዎትም፣ የኔም እናት ጸበል ሳትጠጣ ክኒን አትውጥም። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን አይለፍ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፤ የቲቢውም ከዚያ የተለየ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ጸበል ቦታ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጠባብ ማደሪያ ሲያስል የሚያድር ከሆነ ልጅቷን እዚያ አያሳድሯት። ጸበሉን በጀሪካን ቤት ያምጡላት።

እባጩ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ መጀመሪያ ትንሽ ቢጨምር አይደንግጡ፣ አንዳንዴ ያደርገዋል። ያሳዩዋት እንጂ አያቋርጡባት። ደግሞም ቤት ውስጥ የሚያስል ካለ... እዚህ ላይ ምን እንደምል ያውቁታል።

አጫጭሮቹን ደግሞ ልሩጥባቸው።

ከፎገራ አንዲት እናት የልጇ ሽንት ብርቱካንማ ሆኖ ሻሹን ሁሉ ስላቀለመው ደም መስሏት መድኃኒቱን አቁማለች። እህቴ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂና አስቀጥይው። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለሙ ነው፣ ጉዳት የለውም። ይህንን መድኃኒት የሰጠሽ ሰው መጀመሪያ ቀን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለስ ካላቆመ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ቶሎ ይታይ።

«የወንድሜ ልጅ 6 ወር ታከመ፣ የኔን 4 ወር ይበቃዋል አሉኝ፤ አዳልተው ነው?» ላልሽው፣ አላዳሉም። በኡጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ቀለል ያለ ቲቢ ላለባቸው ልጆች 4 ወር እንደ 6 ወሩ እንደሚሠራ አሳይቷል። ቀላሉን ከከባዱ የሚለየው ግን ሐኪሙ ነው። ልጁ ወፈረልኝ ብሎ በራስ ማቆም ሌላ ታሪክ ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስ ይችላል።

የምታጠባ እናት ቲቢ ቢኖርባትም ታጥባ። ቲቢው በጡት ወተት አይሄድም፣ በትንፋሽ ነው። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍና አፍንጫዋን በማስክ ትሸፍን፣ ሕፃኑም ለመከላከያው ይታይ። የላም ወተትን ግን አፍሉት። ከብትም የራሱ ቲቢ አለው፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይመጣል። እርጎውም ካልፈላ ወተት ከሆነ አያስተማምንም። ይህን ስል ስንት ሰው እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ፤ ጎጃም ተወልጄ ያልፈላ ወተት አትጠጡ ማለት!

ሳህን ስለ መለየት የጻፋችሁ ሦስት ናችሁ። አትለዩ። በሳህን፣ በብርጭቆ፣ በጉርሻ አይተላለፍም። ሳህን ተለይቶለት ማዕዘን ላይ ብቻውን የሚበላ ሽማግሌ ነገ ሳሉን ይደብቃል፣ ማታ ደግሞ ልጁን አቅፎ ይተኛል። የሚለየው መኝታው ነው፣ እሱም ለጊዜው።

የመጨረሻው የአንድ ወጣት ነው፦ «ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሲያስል መስኮት ልክፈት ስል ሕፃን አለ፣ ብርድ ይመታዋል ብለው ይጮኹብኛል፤ ማን ነው ትክክል?» አንተ ነህ። ያ ሕፃን የሚያስፈልገው የተከፈተ መስኮት ነው። ካልሰሙህ ግን አትጣላ፤ እኔ ከሐሙሲት ባሕር ዳር ስመላለስ ቀድሜ ገብቼ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ፣ ሁለት ጣት ታህል ከፈት አድርጌ ዝም ነው። ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።